ሴባስቶፖል በጨጨሆ አለፈ፤ ሐኪም ግን አላልፍ አለው!

«የዛሬ ወጣት ሐኪም ገጠር አልሄድም ይላል። ሀገሩን አይወድም። የሚያየው ገንዘብ ብቻ ነው።»

ይህቺን አባባል ስንት ጊዜ ሰማናት? በስብሰባ አዳራሽ፣ በቴሌቪዥን መስኮት፣ በየግምገማው። እኔማ ወሬ ለመልቀም ከአዳራሽ አዳራሽ ስንከራተት ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቻታለሁ። የሚናገራት ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም አይደለም። ገጠርም አይኖርም። ሲያመው ደግሞ ገጠር አይታከምም፤ እንዲያውም የአዲስ አበባው ሆስፒታል ራሱ አይበቃውም፣ ፓስፖርቱን ይፈልጋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ እኔ ዛሬ የምሟገተው በተቃራኒው ነው። ወጣቱ ሐኪም ገጠርን አልጠላም። ገጠርን የቅጣት ቦታ፣ የገጠሩን ሐኪም ደግሞ «ገና ሐኪም ያልሆነ ሐኪም» ያደረገው መንግሥት ነው። ኢሕአዴግ አጸናው፤ ብልፅግና ከነጓዙ ወረሰው። ምስክር ጥራ ብትሉኝ ሩቅ አልሄድም፤ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እጠራለሁ።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከወረታ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄደው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ደብረ ታቦርን አልፎ በጉና ተራራ ግርጌ ዞሮ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ከባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ ብርዷን ስሟ ይናገራል። ከዚያ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲሉ ታች ጋይንት ከነአርብ ገበያው፣ ቀጥሎ ስማዳ ከነወገዳው፤ ከዚያ ወዲያ በሽሎ ነው፣ ገደል። በምዕራብ በኩል እስቴ አለ። ከተማው መካነ ኢየሱስ፣ ጫፉ የዓባይ በረሃ። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላና ወባ። ዝናብ ቀረ በተባለ ቁጥር ረሃብ ቀድሞ የሚገባበት፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ አባወራ በሴፍቲ ኔት መዝገብ ስሙ የሰፈረበት አገር ነው።

በዚህ አገር በ1860 ዓ.ም. አንድ ነገር ተደርጓል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እያስጎተቱ፣ ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በጋይንት አድርገው የጨጨሆን አቀበት አስወጥተው መቅደላ አድርሰውታል። ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባል ብረት ነው! ይኼው ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ስድሳ ኪሎ የማይሞላ ሐኪም እዚያው መንገድ ላይ አልፎ መቀመጥ አቃተው። ታዲያ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው ወይስ የጎታቹ?

ሰሞኑን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ከአንድ ወጣት ሐኪም ጋር ተቀምጬ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ጊዜው የሚታወቅ ነው። ከእነዚሁ ወረዳዎች በአንዱ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሠርቶ ተመልሷል። አሁን ለስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ያጠናል። ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥያቄ ክምር አለ፤ ከሻዩ ብርጭቆ የተረፈ ቦታ የለም።

«ለምን ፋሚሊ ሜድስን አትገባም?» አልኩት።

ሻዩ ትን አለው። «ወንድሜ፣ እናቴ አሁንም ‹ታዲያ ዶክተር አልሆንክም እንዴ? ደግሞ ምን ልትማር ነው?› ትለኛለች። ሦስት ዓመት ተምሬ ስመለስ ‹የምን ስፔሻሊስት ሆንክ?› ብትለኝ ምን ልበላት? የሁሉም?»

ሳቅን። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። «እዚያ ሳለሁ ከመድኃኒት ወረቀት ይልቅ የጻፍኩት ሪፈር ይበዛል» አለኝ። «መጀመሪያ ሪፈር ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ማኅተም እንደ መምታት ሆነ። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር። መንገድ ይከፈት ይዘጋ አላውቅም፤ ሰውየው የመኪና ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እጽፋለሁ።»

«ለምን?»

«ያስተማሩኝ ሁሉ ስፔሻሊስቶች ናቸዋ! አንዱ ልብ ያስተምራል፣ አንዱ ኩላሊት፣ አንዱ ሕፃን። አንዲት እናት ልቧንም ኩላሊቷንም ሕፃኗንም ይዛ ስትመጣ ማን አስተማረኝ?»

ይህቺን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ምክንያቱም አንዲት እንዲህ ያለች ሴት አውቅ ነበር። የእናቴ ታናሽ እኅት፣ የእስቴ ቆላ ሴት። ለዓመታት ራሷን ያማት ነበር። ገበያ በወጣች ቁጥር ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ጎራ ትላለች፤ ሁልጊዜ አዲስ ፊት፣ አዲስ ካርድ፣ የራስ ምታት ኪኒን። ደም ግፊት ነበር። አንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷ ተያዘ። የቃሬዛ ማኅበሩ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው አቀበቱን ሲያወጧት ውለው፣ መኪና መንገድ ሳይደርሱ አረፈች። ያዩዋት ሐኪሞችና ነርሶች ክፉዎች አልነበሩም፤ አልሰድባቸውም። ነገር ግን አንዳቸውም ሁለት ጊዜ አላዩዋትም።

የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ነገር እንግዲህ ሌላ ተአምር አይደለም። ያቺን ሴት ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ የሚያያት ሐኪም ማለት ነው። ዕድሜ ሳይመርጥ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ልብና ጨጓራ ሳይከፋፍል፣ ሰውን ከነቤቱ፣ ከነጎረቤቱ፣ ከነከብቱ የሚያውቅ። «ጠቅላላ ሐኪም» ከሚባለው የሚለየውም ይህንኑ ሥራ ብሎ፣ ለይቶ፣ ሦስት ዓመት ተጨማሪ ሠልጥኖ መምጣቱ ነው። በየካቲት 2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሀገሪቱ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ሲከፍት የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን አግዘውታል። በ2008 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ የመጀመሪያ ምሩቃን ወጡ።

ደግ ሥራ ነው፤ ደግ ሥራ ሲሠራ ደግ ነው እላለሁ። ግን ምሩቃኑን ምን ጠበቃቸው? «ምንድን ናችሁ?» የሚል ጥያቄ። ሕዝቡ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ የራሳቸው ባልደረቦች ነበሩ የሚጠይቋቸው። ትምህርቱም የተወለደው አዲስ አበባ፣ በትላልቆቹ ሆስፒታሎች ግቢ ነው። ዋናን ምድጃ ዳር እንደ ማስተማር ያለ ነገር!

ለምን እንዲህ ያለ ሐኪም እንደሚያስፈልግ የሚጠራጠር ካለ ደግሞ የሩቅ ታሪክ አላመጣለትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ፣ ሰው በትኩሳት ይረግፍ ጀመር። ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይሞታል። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት አልበግረው ሲል «መድኃኒት የለመደ ወባ ነው» ተባለ። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ተቀበረ! በግንቦት 1997 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባሉት መጥተው ሲመረምሩ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው፣ የቆላ በሽታ። ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ነው የሚገመተው።

አሁን እስቲ ልጠይቅ። ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራና መተማ የማይወርድ ጎረምሳ አለ ወይ? መሬቱ ጠቦ፣ ዝናቡ ከድቶት፣ ሰፈሩ ሙሉ ይወርድ የለም ወይ? እንግዲያው በሽተኛውን «ባለፈው መስከረም የት ነበርክ? ከማን ጋር ወረድክ? ወንድምህስ ደኅና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ወንድምየውንም የሚያውቅ ሐኪም እዚያ ቢቀመጥ በሽታው በስሙ እስኪጠራ ዓመታት አይፈጅም ነበር። መሣሪያ ብቻ አልነበረም የጎደለው። የሰዉን መንገድ የሚያውቅ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እዚያው የሚገኝ ሰው ነው የጎደለው። በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሐኪም ሁልጊዜ ወባ ነው የሚያየው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ነገር እኛ ከማንም ቀድመን አውቀነው እንደነበር ነው። ደምቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ ለገጠር ጤና ጣቢያ ብሎ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር የሚያሠለጥነው፤ ለየብቻቸው ሳይሆን በቡድን፣ ውጭ አውጥቶ፣ ሰዉ ውስጥ አስቀምጦ። የምንጩን ውኃ የሚያየው፣ የምትወልደውን የሚያየው፣ የታመመውን የሚያየው አብረው ነበሩ። በኋላ ኮሌጁ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፣ አደገ፣ ተመነደገ፤ ማደጉን አልጠላም። የጤና መኮንኑ ትምህርት ግን ተቋርጦ እንደገና እስኪጀመር ዓመታት አለፉ። የገጠር ሐኪምነት የክብር ስም መሆኑ ቀርቶ የሌላ ነገር መወጣጫ ደረጃ የሆነው በዚህ መሐል ነው።

ከዚያ ኢሕአዴግ መጣና «ችግሩ ቁጥር ነው» አለ። ሐኪሞች ይሰደዳሉ? ይሰደዱ፤ ገበያውን በሐኪም እናጥለቀልቀዋለን፤ የሚተርፈው ይተርፋል! በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በጥቂት መቶዎች የነበረው ቅበላ ወደ ሺዎች ወጣ። መምህሩ፣ ላቦራቶሪው፣ መጽሐፉ አብሮ ስለመብዛቱ የሚጠይቅ «ፀረ ልማት» ነበር። ጎርፉ ደረሰ። ጎርፍ ግን ሽቅብ አይሄድም፤ ጋይንት ደግሞ ደጋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የባሰውን አየን፦ የሐኪም ያለህ በሚባልባት ሀገር፣ መንግሥት የሚቀጥርበት በጀት የለኝም ብሎ፣ ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ዶክተር! ጉድ በል ያገሬ ሰው!

ቁጥር ካነሳን አይቀር የራሳቸውን ቁጥር ላንሳ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ ጋይንትም ስማዳም እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ወረዳዎቹ ተከፋፍለው አዲስ ስም አግኝተዋል፤ ሰዉ ግን አልቀነሰም። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል ይላል። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚላከው ማነው? ትናንት የተመረቀ፣ ብቻውን አንዲት ሌሊት ያልሠራ፣ አማካሪ የሌለው፣ «ሁለት ዓመት ቻለውና ትመለሳለህ» የተባለ ልጅ። እስረኛ በሉት እንጂ! እስረኛ ነው ቀን የሚቆጥረው።

የሥራ መሰላል የሚባለውን እንኳን እዩት። ስፔሻሊስት የሆነ ይከበራል፣ ያስተምራል፣ ይሾማል፣ የግል ክሊኒክ ይከፍታል። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ገጠር አሥር ዓመት የቆየ ግን በባልደረቦቹ ዓይን ከርሞ ጥጃ ነው። «አሁንም እዚያው ነህ?» ይባላል። ሀኪሞቻችንም ንጹሕ አይደሉም፤ እውነቱን እንነጋገር። በሽተኛ ፊት በእንግሊዝኛ የሚያንሾካሽክ፣ ባላገር ሲያይ አፍንጫውን የሚይዝ፣ የመንግሥት ሰዓቱን ቆርሶ ለግል ክሊኒክ የሚያጎርስ ሞልቷል። የሕክምና መምህራኑም «ጎበዝ ከሆንክ ሰርጀሪ፣ ሰነፍ ከሆንክ ጤና ጣቢያ» እያሉ ነው ልጅ የሚያሳድጉ። ግን መሰላሉን ያቆመው ማነው? ወደ ላይ ብቻ የሚያስወጣ መሰላል አቁሞ ልጆቹ ለምን ወጡ ማለት ምን ይሉታል?

በነገራችን ላይ ይሄ መሰላል የኛ ባህል አይደለም። የጋይንት ሰው ይመስክር። ድጓ የሚማር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ከሸዋም ይነሳ ከወሎ፣ ማስመስከር የሚፈልገው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ ነው፤ እሱም ጋይንት። የትምህርቱ ጫፍ፣ የምስክሩ ወንበር ያለው ከተማ ሳይሆን ገጠር ነበር። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ እዚያው ገጠር በእግሩ ይሄዳል፤ ማንም አላስገደደውም። ለምን? የኔታ እዚያ ናቸዋ! ክብሩ እዚያ ነዋ! ቤተልሔም ተመስክሮ የመጣ መሪጌታ የትም ቢሄድ ወንበር ይለቀቅለታል። እንግዲህ ያው ጋይንት ነው ዛሬ «የሚሄድበት ሰው ጠፋ» የሚባለው። ብርዱ ያው ብርድ፣ ገደሉ ያው ገደል። የተለወጠው ወንበሩ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መራሩ ልምጣ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ቢስተካከል እንኳ፣ ሐኪሙ እዚያ በሕይወት መቆየት አለበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ለዘጠኝ ቀናት ቆይተዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዚያች ከተማ የተደፈሩ አሥራ ስድስት ሴቶችን አነጋግሯል፤ ሆስፒታሉ ስለተዘረፈና ስለተጎዳ ሴቶቹ የሚገባቸውን ሕክምና እንኳን አላገኙም። ያ ቁስል ሳይሽር ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በክልሉ የመንግሥት ወታደሮች ሐኪሞችን «የፋኖ ቁስለኛ አክማችኋል» እያሉ እንዳስፈራሩ፣ እንደደበደቡ፣ እንዳሰሩ ዘርዝሯል። ቁስለኛ ማከም ወንጀል በሆነበት ቦታ የቤተሰብ ሐኪም ማን ይሁን? የማንኛው ቤተሰብ? አንዱ ልጅ መከላከያ፣ አንዱ ልጅ ጫካ፣ እናታቸው ደም ግፊት!

ደመወዙንስ? በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን በአንድ አዳራሽ ሰብስበው አነጋገሩ። ብዙዎቹ ከገቡበት ይልቅ ተከፍተው ወጡ፤ ወዲያው ኢንተርኖቹ ሰልፍ ወጡ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያው የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የደኅንነት ጥያቄ ተነስቶ ሥራ እስከ ማቆም ተደረሰ። መልሱ ምን ነበር? በርካቶች ታሰሩ። ከሐኪም ጋር በፖሊስ መነጋገር የቆየ ልማዳችን ነው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ያ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት መምህራን አንዱ ሆኖ፣ ዓመታት ታስሮ፣ ሕመሙ ከጸና በኋላ ነው ለሕክምና ወደ ውጭ የተለቀቀው። በግንቦት 1991 ዓ.ም. አሜሪካን አገር ሞተ። በእርሱ ዘመን ሥልጣን ላይ የነበሩት አቶ መለስም በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ብራስልስ ሆስፒታል ነው ያረፉት። ታሳሪም አሳሪም የሀገራቸው ሆስፒታል አልሆነላቸውም። ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

«ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ?» የሚለኝ ባለሥልጣን ይኖራል፤ ጥያቄው የሚወደድ ነው። ባንኮክን ያውቃታል አይደል? ለሕክምና የሚበሩባት ናት። የእርሷ ሀገር ታይላንድ ከ1960 ዓ.ም. ጀምራ አዲስ ሐኪሞቿን በግዴታ ገጠር ትልክ ነበር፤ ግዴታ ብቻውን እንደማይበቃ ስታይ ግን ከየገጠሩ ልጅ መርጣ፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል አስተምራ፣ እዚያው መልሳ፣ ገጠር ለቆየው ከከተማው የበለጠ መክፈል ጀመረች። ኩባ በ1976 ዓ.ም. የቤተሰብ ሐኪምና ነርስ በየሰፈሩ አስቀመጠች፤ በሚያክሙት ሕዝብ መካከል እንዲኖሩ። ኩባን ደግሞ እንዳናውቅ አይደለም፤ የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆቻችንን ወስዳ ያስተማረች አገር ናት።

እኛስ ብንሆን ሲፈለግ እንችል የለም ወይ? በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከየቀበሌው የተመረጡ ሴቶች ናቸው አንድ ዓመት ተምረው እዚያው ቀበሌያቸው የተመለሱት። የሰፈራቸውን ሰው በስም ያውቃሉ። በ2001 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የጤና መኮንኖችን መርጦ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ዛሬ በየወረዳው ሆስፒታል ምጥ የጸናባትን እናት ቀዶ የሚያዋልዳት ብዙ ጊዜ ያ ባለሙያ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለመኮንኑ የተቻለው ለሐኪሙ ሲሆን ለምን ይጠፋል?

የቤተሰብ ሕክምና ትምህርቱን አዲስ አበባ ከማጨቅ ወንበሩን ነፋስ መውጫ አኑሩት። መካነ ኢየሱስ አኑሩት፤ ወገዳ አኑሩት። ጎንደርም ደብረ ታቦርም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መምህሩ ይውጣ፣ ተማሪው እዚያ ያለበት ድረስ ይሂድ። ከእነዚህ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጅ መርጣችሁ «ተምረህ ስትመለስ ይኼ ቤት፣ ይኼ ደመወዝ፣ ይኼ ማዕረግ አለህ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡት። ግዴታው ሐኪሙ ላይ ብቻ አይሁን፤ መንግሥትም ይፈርም። ብቻውን ሌሊት ሲጨንቀው የሚደውልለት አስተማሪ ይኑረው። ወታደርም ታጣቂም ከሆስፒታሉ ግቢ ይውጣ! ይህ ሁሉ በጀት ይፈልጋል አትበሉኝ፤ በጀቱ የት እንደሚውል አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች በዓይናችን እያየን ነው። ለመብራትና ለፏፏቴ ያልጠፋ ገንዘብ!

ወደዚያ ሻይ ቤት ልመለስ። ከመለያየታችን በፊት «እንግዲህ የትኛውን መረጥክ?» አልኩት።

«ራዲዮሎጂ» አለኝ። «ጨለማ ክፍል ገብቶ ፎቶ ማንበብ ነው። ማንም መጥቶ እግሬ ላይ አይወድቅም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አይቶ ድምፁ ተለወጠ። ጆሮው ላይ ለጥፎት ሳለ እንኳ የሴትየዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የገጠር ሰው በስልክ ሲጮህ ታውቁታላችሁ።

«ዶክተሬ፣ እንደምነህ የኔ ልጅ? ያቺ ነጭ ኪኒን አልቃብኛለች። አዲሱ ልጅ ሌላ ሰጠኝ፤ ብጫ ነው፤ ልዋጠው ወይስ ልተወው?»

«እናቴ፣ ግፊቱን ለኩልዎት?»

«ማን ይለካዋል! መሣሪያው ተበላሽቷል አሉኝ።»

«ካሳሁን አጠገብዎ አለ? የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብብልኝ። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል።»

ልጁ አነበበለት። ሐኪሙ ከፈተናው ወረቀት ጀርባ የመድኃኒቱን ስም ጻፈ፣ ከሥሩ ደግሞ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ። «ይዋጡት እናቴ፣ ያው ነው፤ ጠዋት አንድ። ጨው ይቀንሱ። ከፋሲካ በኋላ ደብረ ታቦር መንገዱ ከተከፈተ ይታዩ» አለና ዘጋ።

«የኔ በሽተኛ ነበረች» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጦ ወደ ጥያቄው ተመለሰ። የሳንባ ፎቶ ነበር።